በራሷ ስም የሠራች ሴት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሣው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ታሪክ ነው። መምህርት ነበሩ፤ ደራሲ ነበሩ፤ በጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ረድተዋል፤ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው የኢትዮጵያ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ናቸው። ነገሩን ለማስፋት ደግሞ ጃፓን ደርሰን እንመለሳለን። ጃፓን ምን አመጣት ብትሉ፣ ምክንያቱን ወዲያው ታገኙታላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ሴት ልጅ መቼ ነው ሥራ የጀመረችው? መልሱን እናቶቻችን ያውቁታል። ወፍጮው፣ እንስራው፣ እንዝርቱ፣ ጉልጓሎው፣ የገበያው ሸክም፣ ሁሉም በሴት ትከሻ ላይ ነበር። እንግዲያው «ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የያዘች ሴት» እየተባለ የሚነገረው ምኑ ነው የመጀመሪያው? እኔ እንደሚመስለኝ አዲስ የሆነው ሥራው አይደለም። አዲሱ ነገር ሥራው በራሷ ስም መጠራቱ፣ ደመወዙም በራሷ እጅ መግባቱ ነው። ጠብ ያስነሣውም ይኸው ነው። ይህን ሐሳብ ያዙልኝና ወደ ታሪኩ እንግባ።

(አጭር ሙዚቃ)

ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ ኖራ፣ በ1868 የሜይጂ ዘመን የሚባለውን የለውጥ ዘመን ጀመረች። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ባቡር ዘረጋች፤ ፋብሪካ ተከለች፤ ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1905 ደግሞ ሩሲያን የሚያህል ኃይል በጦርነት ረታች። ይህ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ የተማረውን ሰው ሁሉ አነቃቃ። «ነጭ ሳይገዛት የሠለጠነች አገር ካለች፣ እኛስ ለምን አንችልም?» አሰኘ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጽሑፎቻቸው ጃፓንን በአርአያነት አንሥተዋታል። በ1931 የታወጀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥትም የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት መነሻ አድርጎ ነው የተረቀቀው፤ አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመልእክት ጓድ መርተው ጃፓን ሄዱ። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። አብረዋቸው የሄዱት ልጅ አርአያ አበበ እንዲያውም ጃፓናዊት ሚስት ፈልገው፣ በ1934 ኩሮዳ ማሳኮ የተባለች የመኳንንት ልጅ ታጭታላቸው ነበር፤ ጋብቻው ግን ሳይፈጸም ቀረ።

የእኛ ሊቃውንት ከጃፓን ያደነቁት ሕጉን፣ ፋብሪካውንና ጦሩን ነው። ያ ሁሉ በማን ጉልበት እንደቆመ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም። ጃፓን ለመርከብና ለመድፍ የምትከፍለውን የውጭ ምንዛሪ በብዛት ታገኝ የነበረው ሐር በመሸጥ ነው። ሐሩን ከሐር ትሉ ጎጆ እየፈቱ ክር ያደርጉ የነበሩት ደግሞ ወጣት ሴቶች ናቸው። መንግሥት በ1872 በቶሚዮካ ትልቅ የሐር ፋብሪካ ሲከፍት የሳሙራይ ልጆች ጭምር ገብተው ሠርተዋል። በኋላ በየቦታው በተስፋፉት የግል ፋብሪካዎች የገቡት ግን የድሃ ገበሬ ልጆች ናቸው። እዚያ ውሉን የሚፈርመው አባት ነበር፤ ቅድሚያ ገንዘቡን የሚቀበለውም አባት። ልጅቷ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ እንፋሎት ከሚወጣበት ጋን አጠገብ ከጧት እስከ ማታ ትሠራለች። በ1898 ሥራ ላይ የዋለው የጃፓን ፍትሐ ብሔር ሕግም ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ዋና ዋና ውሎችን እንዳትዋዋል ይከለክል ነበር። አያችሁ? ሥራ ነበራት፤ ስም ግን አልነበራትም።

ከዚህ ሥርዓት ካፈነገጡት ሴቶች አንዷ ጹዳ ኡሜኮ ናት። በ1871 የጃፓን መንግሥት አምስት ልጃገረዶችን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲልክ ትንሿ እሷ ነበረች፤ ገና የስድስት ዓመት ልጅ። አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቆይታ በ1882 ስትመለስ የአገሯን ቋንቋ ረስታው ነበር። መንግሥት ያን ሁሉ ወጪ ያወጣው ለወደፊት ባለ ሥልጣኖቹ የሠለጠነች ሚስት፣ ለልጆቻቸውም ብልህ እናት ለማግኘት ነው። ጓደኞቿም እየተዳሩ ወጡ። እሷ ግን አላገባችም። የመኳንንት ሴት ልጆችን በደመወዝ አስተማረች፤ እንደገና አሜሪካ ሄዳ ባዮሎጂ አጠናች፤ በ1900 ደግሞ አሥር ተማሪዎች ይዛ የራሷን የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ተመራቂዎቿ የመምህርነት ፈቃድ አግኝተው ራሳቸውን እንዲችሉ ነበር ሐሳቧ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ በስሟ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ2024 ጀምሮም ምስሏ በአምስት ሺህ የን ኖት ላይ ታትሟል።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከንቲባ ገብሩ ደስታ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ የተማሩ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ከዚያ ለለውጥ ከጓጓው ትውልድ ይመደባሉ። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ የሚለያቸው አንድ ነገር አለ፤ ለውጡን ከሴት ልጆቻቸው ጀመሩት። በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ አብዛኛው ባላባት ሴት ልጁን በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ዓመቷ በሚድርበት ጊዜ፣ ሁለት ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩ። አንደኛዋ በ1916 የተወለዱት ስንዱ ናቸው። ሁለተኛዋ ታናሽየዋ የውብዳር፣ እንደ ጃፓናዊቷ ልጅ ሁሉ፣ ከአገር ሲወጡ ዕድሜያቸው ስድስት ነበር። የውብዳርን በሌላ ስማቸው ሳታውቋቸው አትቀሩም፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

ወይዘሮ ስንዱ በ1933 ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ፈረንሳይኛና ሥነ ጽሑፍ የተማረች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ትሆን ነበር? የጊዜው ልማድ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር፤ የትልቅ ሰው ሚስት። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚባለው አባባል ያኔ እንደ ሕግ ይጠቀስ ነበር። እሳቸው ግን ማስተማር ያዙ።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። ግንቦት 1936 ላይ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄዱ። እዚያ ወጣት ምሁራንና የጦር ትምህርት ቤት ምሩቃን ካቋቋሙት ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰለፉ፤ በቀይ መስቀል ሥራም ቁስለኞችን ረዱ። ያኔ ሃያ ዓመታቸው ነው። በታኅሣሥ ወር ጦሩን ይመሩ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ተከበው እጅ ሲሰጡ የጥቁር አንበሳ ትግልም አከተመ። የካቲት 1937 በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ፋሽስቶች የተማረውን ሰው እየለቀሙ ሲገድሉና ሲያግዙ፣ የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብም አሲናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ተጋዘ። ከዘመዶቻቸው የተገደሉም ነበሩ።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ወደ መምህርነታቸው ተመለሱ። ዋናው የሥራ ዘመናቸው ያለፈው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው። ይህ የሴቶች ትምህርት ቤት በ1931 የተከፈተ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ይመሩት የነበሩት የውጭ አገር ሴቶች ነበሩ። ወይዘሮ ስንዱ በመምህርነት ገብተው ኋላ ርእሰ መምህርት ሆኑ፤ ቦታውን የያዙ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። አንድ ኢትዮጵያዊት ሴት ፊርማዋ በደብዳቤ ግርጌ ሲያርፍ፣ ሠራተኛ ስትቀጥር፣ ከባለ ሥልጣን ጋር በጀት ስትከራከር ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያዩ ጀመር። ለሴት ልጅ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይህ ነው።

በትምህርት ቤቱ ሌላም ሥራ ሠርተዋል። ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ ያወጡ ነበር። ግጥሞቻቸውንና ተውኔቶቻቸውን «የልቤ መጽሐፍ» በሚል ርእስ አሳትመዋል። የጊዜውን የቴአትር ሁኔታ ለማታውቁ ወጣቶች ልንገራችሁ፤ በዚያን ዘመን በአዲስ አበባ መድረኮች የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። የጨዋ ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ ድምጿን ማሰማቷ ነውር ነበር። ስለዚህ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መድረክ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ።

በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሴትም ወንድም እንዲመርጥና እንዲመረጥ ፈቀደ። በ1957 በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ። እዚህ ላይ አንድ ዝርዝር አለ፤ ሕገ መንግሥቱ እጩው በሚወዳደርበት የምርጫ ክልል ነዋሪና ባለ ንብረት መሆን አለበት ይላል። እንግዲህ አስቡት። ቤቱና መሬቱ በባል ወይም በአባት ስም በሚመዘገብበት አገር፣ «ሴትም መመረጥ ትችላለች» የሚለው ቃል ስንት ሴት ጋ ሊደርስ ይችላል? መብቱ ለሁሉም ተጻፈ፤ በሩ ግን የተከፈተው የራሷ ለነበራት ነው። በጃፓንም ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1945፣ ከዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ ነው፤ በሚያዝያ 1946 ምርጫም 39 ሴቶች ፓርላማ ገቡ። እንደ አርአያ የታየችው አገር በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያን የቀደመችው በአሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነበር።

ነገር ግን አንዲት ሴት ፓርላማ ስለገባች ሕጉ ወዲያው አልተለወጠም። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ የተሻረው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2000 በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ያን ቀን ለማየት በቅተዋል፤ ያረፉት በ2009 ነው፣ በዘጠና ሦስት ዓመታቸው።

(የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራ ለአንድ ደቂቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አሁን የሰማችሁት ፒያኖ የታናሽ እኅታቸው ነው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ የሄዱት የውብዳር ገብሩ እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው። እሳቸውም አሲናራ ታግዘዋል። ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ውስጥ ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ ፒያኖና ቫዮሊን ተማሩ። ወጣት ሳሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠርተዋል፤ ይህም በዘመኑ ለሴት ብርቅ ነበር። ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ የነበረው ዕድል ሲዘጋባቸው ግን ሁሉን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ወጡና መነኮሱ። ለአሥር ዓመት ያህል በገዳም ከኖሩ በኋላ ነው ወደ ፒያኖው የተመለሱት። በ1967 ጀርመን አገር የታተመውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለችግረኞች አዋሉት። በ1984 ኢየሩሳሌም መጥተው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ገቡ። ከኢትዮጵያ የመጣው ሕዝባችን በዘመቻ ሙሴ እዚህ እስራኤል በገባበት ዓመት መሆኑ ነው። እዚያው ኢየሩሳሌም ውስጥ በመጋቢት 2023፣ በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

ሁለቱ እኅትማማቾች ከአንድ ቤት ወጥተው በሁለት መንገድ ሄዱ። አንደኛዋ ወደ አደባባይ፣ ሌላዋ ወደ ገዳም። ሁለቱም ግን ልማድ ያዘጋጀላቸውን ወንበር አልተቀመጡበትም።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ «የከንቲባ ልጅ ሆኖ፣ ስዊዘርላንድ ተምሮ፣ ማን የማይደፍር አለ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ምንም ያልነበራትን አንዲት ሴት ልጨምር። አስናቀች ወርቁ ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ ያደገች ናት። አባት የላካት ትምህርት ቤት የለም። ክራር ገዛች፤ መጫወት ተማረች፤ ዘፈነች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆነች። ለዓመታትም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት በሙያዋ ኖረች። ወይዘሮ ስንዱን የአባታቸው ስም ከስድብ ይጋርዳቸው ነበር። አስናቀችን የሚጋርዳት አልነበረም፤ «አዝማሪ» እየተባለች ነው በክራሯ እንጀራዋን የበላችው። በ2011 ስታርፍ አገር ያዘነላት «የክራሯ ንግሥት» ተብላ ነው። ያው ሙያ ነው፤ ያው ክራር ነው። የተለወጠው የሰው ዓይን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ራሳችን እንምጣ። እዚህ ሐዴራ፣ ናሕሊኤል ሰፈር ውስጥ ካሉት አያቶች መካከል ከጎንደር አካባቢ የመጡት ወለቃ የምትባለውን መንደር ያውቋታል። በቤተ እስራኤል ዘንድ ወንዱ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አፈሩን ቆፍራ፣ አቡክታ፣ ያለ መንኮራኩር በእጇ ቀርጻ፣ ጀበናውንና ምጣዱን ተኩሳ ገበያ ታወጣለች። ጎረቤቱ ክርስቲያን ማሰሮዋን ገዝቶ እየተጠቀመ፣ እሷን ግን «ቡዳ ናት» ይላታል። ኋላ ጎብኚ ሲመጣ የወለቃ ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ቅርጾች እየሠሩ መሸጥ ያዙ፤ እነዚያ ቅርጾች ዛሬ በየዓለሙ ሙዚየም ይገኛሉ። ብዙዎቹ ግን የሠሪዋ ስም የለባቸውም። ከቶሚዮካ ሐር ጋር አስተያዩት። ዕቃው ዓለምን ሲዞር እጁ ስም አጥቶ ቀረ።

እዚህ እስራኤል ስንመጣ ነገሩ በአንድ ጊዜ ተገለባበጠ። በመርካዝ ክሊታ፣ ማለትም በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ውስጥ፣ ሴቷም እንደ ወንዱ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት፣ ኡልፓን፣ ገባች። የባንክ ደብተር ተከፈተላት። የልጆች አበል በብሔራዊ መድን ተቋሙ በቢቱአሕ ለኡሚ በኩል በእናት ስም ይገባ ጀመር። ይህ ለስንቱ ቤት የጭቅጭቅ መነሻ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እማወራዋ በማለዳ ተነሥታ ለጽዳት ሥራ፣ ለሽማግሌ እንክብካቤ፣ ለፋብሪካ ስትወጣ፣ ቤት የቀረው አባወራ ክብሩ የተወሰደበት መሰለው። አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው። በቀዬአቸው ዳኛና ሽማግሌ የነበሩ ሰዎች ቋንቋው በማይገባቸው አገር ልጆቻቸው አስተርጓሚ ሲሆኑባቸው ቀላል አልነበረም። ግን ልብ እንበል፤ ሚስቶቻቸው በወለቃም በአምቦበር መንደርም ሳሉ ይሠሩ ነበር። ያስደነገጠው ደመወዙ በስሟ መምጣቱ ነው።

የዚያች እናት ልጆች የት ደረሱ? በላይነሽ ዘቫድያ አምቦበር ተወልዳ በ1984 የመጣች ናት። በ2012 በትውልድ አገሯ የእስራኤል አምባሳደር ሆና ተሾመች፤ ኢትዮጵያ ከተወለዱ እስራኤላውያን የመጀመሪያዋ አምባሳደር እሷ ናት። ፕኒና ታመኖ ሻታ በዚያው በ1984 የሦስት ዓመት ልጅ ሆና ገባች። ሕግ ተማረች፤ በቴሌቪዥን ጋዜጠኛነት ሠራች፤ በ2013 የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ ገባች፤ በ2020 ሚኒስትር ሆነች። ክኔሴት በመግባትም ሚኒስትር በመሆንም ከኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ነገር ግን የዛሬውን ትምህርት በአምባሳደርና በሚኒስትር ብቻ ከለካነው ስተናል። ሆስፒታል ሌሊት አድራ የምትገባው ነርስ፣ መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራው ረዳት፣ ቢሮ የምታጸዳው እናት፣ ሁሉም የዚሁ ታሪክ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ላጠቃልል። አንደኛ፣ ሴት ልጅ ሥራን ከሥልጣኔ አልተቀበለችም፤ ሥልጣኔ ራሱ በእሷ ሥራ ላይ ነው የቆመው። ሁለተኛ፣ አገር ሲዘምን ሴትን የሚያስተምራት ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው እንድትጠቅም ብሎ ነው። ጹዳ ኡሜኮም ወይዘሮ ስንዱም ትምህርቱን ተቀብለው ጥቅሙን ለሌሎች ሴቶች አዞሩት፤ ለዚህ ነው ሁለቱም ትምህርት ቤት የመረጡት። ሦስተኛ፣ ሕግ በወረቀት የፈቀደው መብት ሥራ ላይ የሚውለው ሴቷ በስሟ የያዘችው ነገር ሲኖር ነው፤ ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ውል፣ የሙያ ፈቃድ።

ለዚህ ሳምንት በቤታችሁ እንድትወያዩበት ሁለት ጥያቄዎች እተውላችኋለሁ። ወጣቶች፣ አያቶቻችሁ አገር ቤት ሳሉ በእጃቸው ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ሽያጩንም ማን ይይዝ እንደነበር ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁን ከነስማቸው ጻፉት። ባለትዳሮች ደግሞ ቤታችሁ፣ መኪናችሁና የባንክ ሒሳባችሁ በማን ስም እንዳለ፣ ለምንስ እንደዚያ እንደሆነ ተነጋገሩ። መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ዋናው ሁለታችሁም አውቃችሁት መሆኑ ነው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)